ሳይቃጠል በቅጠል፤ ቅጠሉም ሳይጠፋ

(በሃይፋ፣ በሃሊሳ ሰፈር ለተሰበሰቡ ወገኖች የተደረገ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ቀኑን ሙሉ በሥራ ውላችሁ፣ ድካማችሁን ሳትቆጥሩ የሃሊሳን ዳገት ወጥታችሁ ስለ መጣችሁ በቅድሚያ ከልብ እናመሰግናለን። የዛሬው ርእሳችን ከተክል ሕዋስ በቤተ ሙከራ መድኃኒት ስለ ማምረት ነው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ «የቤቱ ችግር፣ የልጆች ትምህርት፣ የሥራው ጉዳይ እያለ እኛና ይህ ምን አገናኘን?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ንግግራችንን ከሩቅ ሳይሆን ከጓዳችን እንጀምራለን።

ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አንጠራም። ስኳር በሽታ ካገኛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የታዘዘላቸውን ክኒን በሰዓቱ ይውጣሉ። ጎረቤት «አብሽ ለስኳር ፍቱን ነው» ብትላቸው፣ አብሽ ፈጭተውና አዘፍዝፈው በየማለዳው አንድ ትልቅ ብርጭቆ ይጠጡ ጀመር። ክኒኑንም አልተዉም። አንድ ቀን ጧት እህል ሳይቀምሱ ሁለቱንም ወስደው ወጥ ቤት ውስጥ ወደቁ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ተገኘ። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ የክኒኑን ካርቶን አሳዩ። አስተርጓሚው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ስለ አብሽ የጠየቃቸው የለም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም። አብሽ ምግብ ነዋ! ወደ ቤት በተመለሱ በማግሥቱ ያንኑ ብርጭቆ አነሡ። ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቁ በኋላ ነው ልጃቸው ብርጭቆውን አይታ ነገሩን የደረሰችበት።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠፋው። ያ ልጅ «ሂልቤ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ወዲያው ይገባው ነበር። የመን የመጡ ጎረቤቶቻችን በየገበታቸው የሚያቀርቡት ሂልቤ የኛው አብሽ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ ነበር። እኛ ዛሬ የምንጨምርበት «መድኃኒቱን የደበቀም በሽታ አያጣውም» የሚል ነው።

እንግዲህ የዛሬው ነገራችን ከዚህ ይነሣል። አብሽ ውስጥ ስኳርን የሚያወርድ ነገር ካለ፣ ያ ነገር ምንድን ነው? ስንት ነው? ከተክሉ ተለይቶ ሊመረት ይችላልን? እነዚህን ጥያቄዎች ዓለም በቤተ ሙከራ እየመለሰ ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ የኛ ድርሻ የቱ ላይ እንደ ሆነ ነው ልንነጋገር የመጣነው።

ተክል መድኃኒቱን የሚሠራው ለማን ነው?

ተክል ከጠላቱ አይሸሽም። አንበጣ ሲመጣበት፣ ሻጋታ ሲይዘው፣ ፍየል ሲቀነጥበው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የሚዋጋው በውስጡ በሚያዘጋጀው ነገር ነው፤ በመራራው፣ በሚያቃጥለው፣ በሚሸተው፣ በመርዙ። ሰው ያንን መርዝ በጥቂቱ ወስዶ መድኃኒት አደረገው። ተክሉ ለኛ ብሎ ያዘጋጀው አይደለም።

ከዚህም የተነሣ የመድኃኒቱ መጠን አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ደጋ የበቀለውና ቆላ የበቀለው፣ በክረምት የተቆረጠውና በበጋ የተቆረጠው፣ ወጣቱና ያረጀው ይለያያል። «አንድ ጭብጥ» ስንል የዛሬው ጭብጥና የከርሞው ጭብጥ እኩል አይደሉም። ኮሶን ተመልከቱ። በአገራችን ሁሉ ለትል ማስወጫ የታወቀ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ይሸጡት ነበር። ይሁን እንጂ ከመጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት መድረሱን ሐኪሞች መዝግበዋል። እርጉዝ ሴት እንዳትጠጣው እናቶቻችን ያስጠነቅቁ ነበር። አዋቂዎቻችን መጠን አያውቁም ማለታችን አይደለም፤ ተክሉ ራሱ መጠን አይጠብቅም ማለታችን ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትውጡት ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒንም ታሪኩ ከዚህ ይመዘዛል። መነሻው ጋሌጋ የምትባል፣ በአውሮፓ የምትበቅል፣ የአብሽና የባቄላ ዘመድ የሆነች ተክል ናት። በውስጧ ስኳር የሚያወርድ ነገር እንዳለ ታወቀ፤ ግን መርዛማ ነበር። ኬሚስቶች የርሱን አምሳያ ሠሩ። ሜትፎርሚን በ1922 ተሠራ፤ በ1957 በፈረንሳይ አገር ለስኳር ሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ስለዚህ «ያ የፈረንጅ ክኒን፣ ይህ የኛ ቅጠል» ብሎ መለየት ልክ አይደለም። ክኒኑም የቅጠል ልጅ ነው። ልዩነቱ በክኒኑ ውስጥ ያለው ተመዝኖ የታወቀ መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው እንግባ፤ ልጆቻችን ማዕባዳ ወደሚሉት። አሠራሩን እናቶቻችን በሚያውቁት ነገር እንግለጠው። ጠላ ስትጠምቁ ጋኑን በግራዋ ታጥባላችሁ፣ በወይራ ታጥናላችሁ። የማይፈለግ ነገር ገብቶ ጥንስሱን እንዳያበላሽባችሁ ነው። ያም ሥራ ከዚሁ ይጀምራል።

ከተክሉ ቅጠል፣ ግንድ ወይም ሥር ላይ የጥፍር ያህል ይቆረጣል። በአልኮልና በበረኪና፣ እዚህ ኤኮኖሚካ በምንለው፣ ይታጠባል። ቀጥሎ አጋር በሚባል፣ ከባሕር አረም በሚወጣና በሚረጋ ነገር ላይ ይቀመጣል። በአጋሩ ውስጥ ስኳር፣ የማዕድን ጨው፣ ቪታሚንና ጥቂት የተክል ሆርሞን አለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቁራጩ ያብጣል፤ ቅጠልም ሥርም ያልሆነ፣ ሊጥ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ያ ሊጥ የሕዋሳት ክምር ነው። ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተገነባበት፣ በዓይን የማይታይ ትንሹ ክፍል ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው መንገድ ሆርሞኑን በመለወጥ ከዚያ ቁራጭ ብዙ ችግኝ ማውጣት ነው። ችግኞቹ ሁሉ ከእናታቸው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ መድኃኒቱ የበዛባት አንዲት ተክል ከተገኘች ሺህ ልጆቿን እርሷን አስመስሎ ማፍራት ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ችግኙን ጨርሶ መተው ነው። ሕዋሳቱ በስኳር ውኃ ውስጥ ይገባሉ፣ ይናወጣሉ፣ አየር ይሰጣቸዋል፤ ከጠርሙስ ወደ ትልቅ ታንክ ይዛወራሉ። ታንኩ ዘመናዊ ጋን ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። በበዙ ጊዜ ጠላት የመጣባቸው የሚያስመስል ቅመም ይጨመርባቸዋል። ያን ጊዜ ተክሉ ዱር ሆኖ ያዘጋጀው የነበረውን መከላከያ በታንኩ ውስጥ ያዘጋጃሉ። ያ ተጣርቶ መድኃኒት ይሆናል።

ይህ ነገር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሃበርላንት የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ በ1902 ከአንድ ሕዋስ ሙሉ ተክል ሊበቅል ይገባል ብሎ ጻፈ፤ ሞከረ፣ አልተሳካለትም። በ1958 በአሜሪካ ስቱዋርድ የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ ከካሮት ሕዋስ ሙሉ ካሮት አበቀሉ። በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የምግቡን ቅመም በመጠን በመጠኑ ጽፈው አወጡ፤ ዛሬም በዓለም ያሉ ቤተ ሙከራዎች በዚያው ይሠራሉ። ለአብሽም ተሞክሯል። በ1980 የታተመ ጥናት የአብሽ ሕዋሳት ትሪጎኔሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ከተክሉ ከራሱ አብልጠው እንደሚሠሩ አሳይቷል።

ከጃፓን እስከ ካርሚኤል

በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣው በ1983 በጃፓን ነው። ሺኮኒን ይባላል፤ ቀይ ቀለም ነው፤ ለቁስልም መድኃኒት ነው። በዱር የሚገኘው ሥሩ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በታንክ ውስጥ ግን ሦስት ሳምንት ገደማ በቃው። ኩባንያዎች የከንፈር ቀለም አድርገው ሸጡት።

የሚበልጠው ምሳሌ ታክሶል ነው። በ1962 በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ዩው ከሚባል ዛፍ ልጥ ተቆርጦ ተመረመረ፤ በ1971 የነገሩ ቅንብር ታወቀ፤ በ1992 ለማኅፀን ዕንቁላል ዕጢ ካንሰር ተፈቀደ። ብዙ ሴቶችን አድኗል። ዛፉ ግን እድገቱ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ልጡ ከተገፈፈ ይሞታል። ከአንድ የመቶ ዓመት ዛፍ የሚገኘው መድኃኒት ለአንዲት በሽተኛ አንድ ጊዜ የሚሰጠውን ያህል ብቻ ነበር። ዛፉ ይዳን ወይስ ሴቲቱ? ተብሎ ክርክር ተነሣ። መልሱ ከታንክ መጣ። ዛሬ በጀርመን አገር እስከ 75,000 ሊትር በሚይዝ ታንክ ውስጥ የዩው ሕዋሳት ታክሶልን ይሠራሉ። ዛፍ አይቆረጥም።

ሦስተኛው ምሳሌ ቅርባችን ነው። ከሃይፋ በ2017 በተከፈተው ባቡር ካርሚኤል የሄዳችሁ አላችሁ። በዚያች ከተማ በዮሴፍ ሻዓልቲኤል በ1993 የተመሠረተ ፕሮታሊክስ የሚባል ኩባንያ አለ። ጎሼ የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ አለ፤ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በአሽከናዚ ወንድሞቻችን ዘንድ ይበዛል። የበሽተኛው ሰውነት አንድ ኢንዛይም ስለሚያጣ ስብ በጉበቱ፣ በጣፊያውና በመቅኔው ይከማቻል። በ1991 የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ከእንግዴ ልጅ የሚጣራ ነበር፤ ለአንድ በሽተኛ ለአንድ ዓመት በሺዎች የሚቆጠር እንግዴ ልጅ ይፈለግ ነበር። ቀጥሎ በእንስሳ ሕዋስ ማምረት ተጀመረ፤ ግን በ2009 በአሜሪካ አንድ ፋብሪካ ቫይረስ ገብቶበት ሥራው ቆመ፣ መድኃኒቱ ጠፋ። የካርሚኤሎቹ የሰውን ዘረ መል በካሮት ሕዋስ ውስጥ አስገብተው በትልልቅ የፕላስቲክ ከረጢቶች አሳደጉት። የሰውና የእንስሳ ቫይረስ በካሮት አይራባም። በግንቦት 1 ቀን 2012 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደው። በተክል ሕዋስ ውስጥ ተሠርቶ ለሰው የተፈቀደ የመጀመሪያው የፕሮቲን መድኃኒት ይህ ነው። በ2023 ደግሞ በትምባሆ ሕዋስ የሚሠራ ሁለተኛ መድኃኒት፣ ፋብሪ ለሚባል በሽታ፣ ተፈቀደላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ታክሶልን ዩው ራሱ ያውቀዋል፤ የካርሚኤሉን ኢንዛይም ግን ካሮት አያውቀውም ነበር፤ ተማረው። ጋኑ አንድ ነው፤ ጥንስሱ ይለያል።

ቤተ ሙከራ ሁሉን አይችልም

አሁን ደግሞ ያልሆነውን እንናገር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በእግር ሱዳን ስንገባ በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። ወባም ከገዳዮቹ አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ በቻይና ቱ ዩዩ የተባለች ተመራማሪ አርቴሚሲያ ከሚባል ተክል የወባ መድኃኒት ካወጣች ዓመታት አልፈው ነበር፤ ያወጣችው በ1972 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ከሌላ ጋር አዳብሎ እንዲሰጥ የመከረው ግን በ2001 ነው። እርሷም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ልጆቻችንን በሱዳን ምድር የቀበርን ሰዎች ይህን ቁጥር ስንሰማ ዝም ብለን አናልፈውም። መድኃኒት መገኘቱና ለድሀ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዚህን ተክል መድኃኒት በሕዋስ ታንክ ለማምረት ብዙ ተደክሟል። ሕዋሱ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ተክሉ መድኃኒቱን የሚያጠራቅመው በቅጠሉ ላይ ባሉ ትንንሽ ዕጢዎች ነው። ቅጠል ከሌለ ዕጢ የለም። በ2013 በእርሾ አማካይነት ማምረት ተጀምሮ ነበር፤ እርሱም ከገበሬው ዋጋ ጋር መወዳደር አቃተው። በአንድ ዓመት የሚደርስ ተክል ከሆነ እርሻው ይረክሳል። ታንኩ የሚያዋጣው ተክሉ ሲዘገይ፣ ሲጠፋ ወይም ሲመነምን ነው። በ2021 በፊንላንድ የቡና ሕዋስ በታንክ አሳድገው ቆልተው ቀምሰውታል። እኛ ግን ጀበናችንን ገና አንጥልም።

እንዶድ፤ የማን ነው?

የኢትዮጵያን ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆየነው ዋናው ስለ ሆነ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወርደው ሴቶች በጅረት ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይንሳፈፉ ነበር። ያ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ነው። ጥናቱ ከዚህ ጀመረ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ውኃዎች እንዶድ ተጨመረ፤ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየቦታው ሰብስበው አወዳደሩ፤ ዓይነት 44 የሚባለውን ኃይለኛውን መረጡ። ሁለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ ለማ በ1997 አረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ተቋም በስማቸው ይጠራል።

የተመረጠው ዓይነት እንዳይቀላቀል ቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እንዶድን ከቡቃያው ጫፍ በጠርሙስ ውስጥ የማባዛት ዘዴ በ1990 ታትሟል። በ2005 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የኮሶን ዛፍ በዚሁ መንገድ አባዝተዋል። ኮሶ ለጣውላው ሲባል ተጨፍጭፎ እየመነመነ ያለ ዛፍ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለማጥፊያ የመጠቀም መብት በስሙ አስመዘገበ። የአድዋ ሴቶች ስም በዚያ ወረቀት ላይ የለም። ዩኒቨርሲቲው «አዲስ አገልግሎት አግኝቻለሁ» ይላል፤ በሕጉ ቋንቋ ይቻል ይሆናል። ይሁን እንጂ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳየው ማን ነው? ልብስ አጣቢዎቹ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2006 በአዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን ተክሎችና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመጠቀም የሚሻ ሁሉ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል ደነገገች። አዋጁ የወጣው ከደረሰው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንውቀስ። የኛ መድኃኒት አዋቂ ምስጢሩን ለማንም አይናገርም፤ «ከተነገረ ይረክሳል» ይላል። በሞት አልጋው ላይ ለሚወደው ልጁ ብቻ ያወርሳል። ያ ልጅ ዛሬ ቴል አቪቭ በጥበቃ ሥራ ላይ ነው፤ ስልኩ አይመልስም፤ አባት ያርፋል፤ ምስጢሩም ይቀበራል። ኩባንያው ደግሞ የሚጠብቀው በመጻፍ ነው፤ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ፣ ፈርሞ በሕግ ያስከብራል። ያልተጻፈ ዕውቀት በፍርድ ቤት ምስክር የለውም።

ስለዚህ የዛሬው ቁም ነገር ይህ ነው። ሕዋሱን ከማንኛውም ጫካ ቆርጦ በጠርሙስ ማሳደግ ይቻላል፤ የቱ ተክል፣ የቱ ክፍሉ፣ ለየትኛው በሽታ፣ በየትኛው ወር የሚለውን ግን ጠርሙስ አያውቀውም። እርሱ ያለው እዚህ ወንበር ላይ በተቀመጡት ሽማግሌዎች ዘንድ ነው። በየዓመቱ ደግሞ ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ለሐኪም ሁሉን እንናገር። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ አብሽ፣ ምንም ይሁን ምን። ወደ ኩፓት ሖሊም ስትሄዱ ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። የዕብራይስጡን ስም የማታውቁ ከሆነ ለእኛ አምጡልን፤ አብረን እንፈልጋለን። የ12 ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አይደለም፤ ዐዋቂ አስተርጓሚ ይቅረብልን ብላችሁ ጠይቁ። የታዘዘላችሁን ክኒን ደግሞ በቅጠል አትለውጡ። ዛሬ የተናገርነው ሁሉ «ኮሶ ጠጡ» ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፤ እንጻፍ። በየቤቱ አንድ ደብተር ይከፈት። የተክሉ ስም በአማርኛና በትግርኛ፣ የበቀለበት አገር፣ የሚወሰደው ክፍል፣ ያሳወቀው ሰው ስምና ቀኑ ይጻፍ። ተክሉ እዚህ ካለ አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርጋችሁ አድርቁ። ደብተሩ የቤተሰቡ ነው። አዋቂው ካልፈቀደ ለማንም አይታይም። ጥናት ለመሥራት ቴፕና ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ምን ይጻፋል? የማን ስም ይጻፋል? ጥቅም ቢገኝ ለማን ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሦስተኛ፤ ልጆቻችን። ከዚህ ቀና ብለን ስናይ ካርሜል ላይ ቴክኒዮን አለ፤ በውስጡም የባዮቴክኖሎጂና የምግብ ምሕንድስና ፋኩልቲ አለ። ከእኛ እናቶች መካከል በየቤተ ሙከራው ወለል የሚጠርጉ፣ ጠርሙስ የሚያጥቡ አሉ። ሥራ ነው፣ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ልጆቻቸውም ከዚያው በር አልፈው እንዳይገቡ ገና በትምህርት ቤት ሲወሰን ዝም ማለት ነው። ልጃችሁ በባግሩት ባዮሎጂንና ኬሚስትሪን በ5 የሂዶት እንዳይማር «ይከብደዋል» ብሎ የሚወስን ሰው ካለ፣ ምክንያቱን ጠይቁ፤ አብረናችሁ እንሄዳለን። ዩኒቨርሲቲ ለጊዜው የማይሆንለት በባዮቴክኖሎጂ የሃንዳሳይ ትምህርት አለለት። ልጁ ማዕባዳ ገብቶ አያቱ የነገረችውን ተክል ራሱ ሲመረምር ነው ዕውቀቱ በእጃችን የሚቀረው።

አራተኛ፤ ጎረቤት። በዚህ ሰፈር ከዓረብ ቤተሰቦች ጋር በአንድ ደረጃ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። የእነርሱም እናቶች ዛዕተርና መርሚያ ለሆድና ለጉንፋን ያፈላሉ። እኛ ጦስኝ እንዳልነው ማለት ነው። በኩሽና ደጃፍ ላይ ቅጠል መለዋወጥ የሚጀምር ሰፈር ሌላውንም ነገር መነጋገር አያቅተውም።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ የወለቃ እናቶቻችን ጋን ሲሠሩ የሚጠመቅበትን ለራሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ጎንደር ሁሉ ጠምቆበታል፤ የሠሪዋን ስም ግን የጻፈው የለም። በዚህኛው ጋን ይህ እንዳይደገም ነው የዛሬው ልመናችን። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ያሳደጉን ቅጠሉ ሳያልቅ፣ አዋቂውም ሳያልፍ እንድንደርስ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ከቤታችሁ ታላቅ የሆነውን ሰው አንድ ተክል ብቻ ጠይቁ። አንድ ገጽ ጻፉ። በሚመጣው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።